ከግራሩ ሥር የምትቆመው ፔጆ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለቀመሪያ ይማም፣ ኢስታንቡል

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ፣ ባለቤትሽ ሙስአብና ልጃችሁ ቢላል እንዴት ከረማችሁ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ከዓምናው ብሷል። በስልክ ስታወሪያቸው «ምን አለች?» ይሉኛል። እኔ ስጮህላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ እሳቸው ብቻ አይሰሙም። ባለፈው ተናደው «ይቺ ልጅ እጅ የላትም እንዴ? ትጻፍልኝ!» አሉ። ዓይናቸው እንደሆነ የእኔን ያስንቃል። ስለዚህ ጎረቤታችን ሚስራ ልብስ ልታመጣ እናንተ ዘንድ በተመላለሰች ቁጥር ደብዳቤ ታደርሳለች። ከትምህርት ቤት ወዲህ ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው እሑድ፣ ክረምቱ ወጥቷል፣ ውሃውም ጠርቷል ብዬ አባባን በፔጆዋ ይዤ ወደ አዋሽ ወረድን። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ከአስፋልቱ ታጥፈሽ፣ የጋሽ ዋቅሹማን አጥር ታክከሽ፣ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ግራር ሥር። አባባ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ መኪና የሚያቆሙት እዚያ ነው። ስንደርስ ምን ብናይ ጥሩ ነው? የብረት በር! አጠገቡ ጥበቃ ቆሟል፣ በሩ ላይ ደግሞ «መኪና ማቆም የሚቻለው ለመዝናኛው ደንበኞች ብቻ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ግቢው ውስጥ ክብ ክብ ጎጆዎች ተሠርተዋል፣ ሙዚቃ ይንጫጫል፣ የዓሣ ጥብስ ይሸታል። እኛ ግራር ሥር የሰው አውቶሞቢል ተደርድሯል።

ጥበቃው ክፉ ልጅ አይደለም። «በእግር ውረዱ፣ ወንዙን ማንም አይከለክላችሁም፤ መኪናዋ ግን ያለ መግቢያ አትገባም» አለኝ። በእግር! ያንን ድንጋያማ ቁልቁለት፣ አባባ በዚያ ጉልበታቸው! መግቢያውን ልክፈልና እንግባ ብዬ በምልክት ሳስረዳቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለውሃ ትኬት አልቆርጥም! ውሃ የአላህ ነው!» ብለው በሩን በዱላቸው መቱት። ከዚያ ዋቅሹማን ይወቅሱ ጀመር። «ስንት ዘመን አብረን በልተን፣ ዛሬ ለብር ብሎ በር ዘጋብኝ? አላህ ይይለት!» እያሉ እስከ ልደታ ድረስ አላቆሙም። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

ከቻልሽ ደህና መንጠቆና ናይሎን በሚስራ እጅ ላኪልን። አባባ መውረጃ ባያገኙም ዕቃቸውን ማዘጋጀት አልተዉም። መቼ እንደምትመጪም ጻፊላቸው፤ በየቀኑ ይጠይቁኛል።

ወንድምሽ በከር


ኢስታንቡል
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም በከር፤ ለክቡር አባታችንም

ወዐለይኩም ሰላም። የአላህ ሰላም ልደታ ያለችው ቤታችን ላይ፣ ጉልበትዎ ላይ፣ ጆሮዎም ላይ ይውረድ አባባ። መንጠቆው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርሳችኋል ብዬ አምናለሁ። ሻጩ ለምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ ሲጠይቀኝ አምባዛን በቱርክኛ ምን እንደሚሉት ስላላወቅሁ በእጄ ጢም ሠርቼ አሳየሁት። ሰውየው ስቆ ስቆ ሊሞት ነበር።

ደብዳቤህን ልብስ የምንሰፋበት ክፍል ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። የብረቱ በር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፣ የስፌት መኪናዬም ቆመች፣ አለቃዬም መጣች። በኪ፣ እዚህ ከተማ መካከል አንድ ትልቅ ድልድይ አለ። ሽማግሌው፣ ሥራ ፈቱ፣ ባለ ከረባቱ ሁሉ ዘንጉን ይዞ ተደርድሮ ዓሣ ይይዛል። ማንም ማንንም «አንተ የማነህ?» አይልም። በዕረፍቴ ቀን እዚያ ሄጄ እቆማለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሻይ ሊያመጣ ሲሄድ ዘንጉን አስያዘኝ። ናይሎኑ ጣቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ አባባ «ቀስ! ቀስ በይ! ይጉረሰው!» ሲሉኝ ሰማኋቸው። የያዝኩት ጣት የምታክል ዓሣ ነበር፤ እዚያው ድልድዩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጋሽ ዋቅሹማ ምን አሉ? አንተ ስለ በሩና ስለ ጥበቃው ጻፍክልኝ እንጂ ስለ እሳቸው አንዲት ቃል የለችም። ለማቆሚያው አንድም ቀን ተጠይቀን አናውቅም እኮ። ውሉ በአፍ ነበር፤ ስንሄድ ግራሩ ሥር እናቆማለን፣ ስንመለስ የኋላው ወንበር የመንደሩ ነው። የታመመውን ሐኪም ቤት፣ ገበያተኛውን ገበያ እናደርሳለን። ልጃቸው ኮከቤስ የተወለደችው ፔጆዋ ውስጥ አይደል? እናቷ ምጥ ላይ ሆነው፣ እኔና አንተ ፊት ወንበር ላይ ተጣበን፣ ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ አለቀሰች። አባባ መኪናውን አቁመው በደስታ ጥሩምባ ይነፉ ነበር። ታዲያ ጋሽ ዋቅሹማ ያን ረስተው በር ይዘጋሉ? አላምንም። ሄደህ አነጋግራቸው።

አባባ፣ መግቢያውን እኔ ልክፈልና ይግቡ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ዱላዎን ሳስብ ተውኩት። ለዒድ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። አብረን ነው የምንወርደው።

ቀመሪያ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለቀመሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታችን ይብዛልሽ፣ ብርዱንም አላህ ያቅልልሽ። «ለዒድ እመጣለሁ» ያልሽውን አባባ አንብበው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። መንጠቆሽን ደግሞ እንደ ወርቅ በጨርቅ ጠቅልለውታል።

ሥራዬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ጠበቃ አላጣም፤ የማንኛቸውም ራዲያተር እኔ ጋ ነው የሚሠራው። ሔኖክ የሚባለውን ጠየቅሁት። «ወንዙና ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ በእግር እንዳትወርድ የሚከለክልህ የለም። መኪና የምታቆምበት መሬት ግን የባለይዞታው ነው፤ ሳይፈቅድልህ ላቁም ብትል መብት የለህም» አለኝ። ለአባባ በወረቀት ጻፍኩላቸው። አንብበው «ታዲያ ውሃው የእኔ ነው፣ እግሩ ግን የለኝም በለኛ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

አንድ እሑድ ደግሞ ባጃጅ ተከራይቼ ላወርዳቸው ሞከርኩ። ጥበቃው እሱንም መለሰው። ሌላ ጊዜ፣ አባባን ሳላስታውቅ፣ መግቢያውን ልከፍል ወደ በሩ ሄድኩ። ልጁ የፔጆዋን ታርጋ አየ፣ ወደ ውስጥ ደወለ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ይቺ መኪና ብትከፍልም አትገባም ተብሏል» አለኝ። የሚያዘው ማን እንደሆነ ስጠይቀው «ኮከቤ ናት» አለ። መዝናኛውን ከሰዎች ጋር ሆና የከፈተችው እሷ ናት።

ምን አደረግሁ መሰለሽ? ፔጆዋን አስፋልቱ ዳር አቆምኳት። አባባ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የግራሩን ጫፍ ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ውሃው አይታይም፣ እሳቸው ደግሞ አይሰሙትም። ግን አልመለስም አሉ። ሲመሽ «ዛሬ ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። ከየት እንዳወቁት እንጃ።

አንቺ ብትጽፊላቸው ይሰሙሻል። ክብርም ቢሆን ልክ አለው፤ ሌላ ወንዝ እንፈልግ በያቸው።

ወንድምሽ በከር


ኢስታንቡል
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም በከር

ወዐለይኩም ሰላም። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለአንተ ግን ሰላምታዬን ቀንሻለሁ፣ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

ሌላ ወንዝ ይፈልጉ አልልም። አባባ ዓሣ ፈልገው ቢሆን ኖሮ እዚያው ሰፈራችን አብነት ገበያ ይገዙ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሱሪ ሲሰፉ የኖሩ ልብስ ሰፊ እሑድ እሑድ ብቻ ቀና ብለው ሰማይ የሚያዩት እዚያ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ የሳቁትም መጀመሪያ እዚያ ነው። እኔ ራሴ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ ከአስፋልቱ እታጠፋለሁ፣ አጥሩን ታክኬ እወርዳለሁ። ሌላ ወንዝ አላውቅም በኪ።

ጋሽ ዋቅሹማ ምን አሉ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ስለ ጠበቃው ጻፍክ፣ ስለ ባጃጁ ጻፍክ፣ ስለ ታርጋው ጻፍክ። እሳቸው የሉም? ታመው ነው? ተጣልታችኋል? ኮከቤ ያለ ምክንያት እንዲህ አታደርግም።

ለዒድ ያልኩት ግን አልተሳካልኝም። ሥራ በዝቷል፣ ቢላልም ፈተና አለበት። ለዓረፋ ይሁን። አባባ እንዳያዝኑ አድርገህ ንገራቸው።

ቀመሪያ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዒድ ሙባረክ፣ ዓመት ዓመት ያድርሰን። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሚስራ ሁለቴ ተመላልሳለች፤ ሁለቴም «አልጻፍኩም» አልኳት። ይህን ደብዳቤ አባባ አያዩትም።

ጋሽ ዋቅሹማ ዓምና በሰኔ ሞተዋል።

የተነገረኝ በስልክ ነው። አባባ በልብ ሕመም ሆስፒታል የተኙበት ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማቸው ብሏል። መርዶ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይነገርም፤ ወግ አለው። እስኪያገግሙ ልጠብቅ አልኩ። አገገሙ፤ ትንሽ ይጠንክሩ አልኩ። ጠነከሩ፤ አሁን ብነግራቸው «እስከ ዛሬ ለምን?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለብቻዬ ለቅሶ ልሂድ እንዳልል ፔጆዋን ሳስነሳ አባባ መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ወዴት ነው ይሉኛል። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሊሞላው ነው። ለአንቺም ያልነገርኩሽ ሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ነው። እኛ ቤት ወደ ውጭ አገር መርዶ ተልኮ አያውቅም።

የባሰውን ልንገርሽ። በዒድ ማግስት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዤ፣ እነ ጋሽ አምሳሉን፣ ስኳርና ቡና አስይዤ ኮከቤ ዘንድ ለሽምግልና ሄድኩ። ስለ ማቆሚያው ልንለምናት። ወንበር አወጣች፣ ውሃ ቀዳች፣ ጨዋ ናት። ጋሽ አምሳሉ ስለ ጥንቱ ወዳጅነት ስለ ግራሩም አማረው ተናገሩ። አዳምጣ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ በከር፣ ለመኪና ማቆሚያ ሽማግሌ ይዘህ መጣህ። አባቴ ሲሞት ግን ብቻህን እንኳ አልመጣህም» አለችኝ። «ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ በመጣ መኪና ሁሉ ቀና እል ነበር። የልደታ ሰዎች ናቸው እያልኩ። እናንተ መኪና ውስጥ ነው የተወለድኩት ተብዬ ነው ያደግሁት።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ሽማግሌዎቹም እኔን ያዩኛል፤ እነሱም አያውቁም ነበር። ስኳሩን ይዘን ተመለስን።

ምን ላድርግ? አባባ አሁንም በየእሑዱ ሰውየውን ይወቅሱታል።

በከር


ኢስታንቡል
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

በከር፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ረጅም ሰላምታ ዛሬ አልችልም።

ንገራቸው። ነገ ዛሬ ሳትል ንገራቸው። አባባ ወዳጃቸውን በቁሙ ነው የምወቅሰው ብለው ሙት እየረገሙ ነው፤ ይህን እንዴት ቻልከው? ልባቸው ይደክማል ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አስፋልት ዳር ተቀምጠው የግራር ጫፍ ሲያዩ የዋሉት በጤና ልብ ነው?

እኔንም ብቻሽን እንዳትሰሚ አልከኝ። ይኸው ብቻዬን ሰማሁ፤ ያውም ለቅሶው ካለፈ በኋላ። ሙስአብ ሥራ ላይ ነው፣ ቢላል ሰውየውን አያውቃቸውም። የሻሽ ጫፍ ስቀመቅም ውዬ ማታ አለቀስኩ። ጋሽ ዋቅሹማ ወተት በቅል ሲሰጡኝ «ለዓሣ አስጋሪዋ» ይሉኝ ነበር፤ ሌላ ሰው እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ዳግመኛ ማንም ሲሞት ከእኔ አትደብቅ። እኔም የምጽፍልህ ነገር ነበረኝ፤ ዛሬ ግን የሳቸው ቀን ይሁን።

ቀመሪያ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለቀመሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ እንደ ጥፊ ነበር፤ አላህ ይስጥሽ። ነግረናቸዋል።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ እነ ጋሽ አምሳሉ መጡ። መርዶ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፤ አጠገብ ተቀምጦ፣ እጅ ይዞ፣ ቀስ ተብሎ። አባባ ግን አይሰሙም! ጋሽ አምሳሉ ቀስ ብለው «ጋሽ ዋቅሹማ አረፉ» አሉ። አባባ «ማን አረፈደ?» አሉ። ደግመው ትንሽ ከፍ አደረጉት፤ «ምን?» በሦስተኛው ሁላችንም አብረን ጮህን። «ሞቱ! ጋሽ ዋቅሹማ ሞቱ!» መንገደኛው ሁሉ በራችን ላይ ቆመ፣ ሚስራ ነጠላዋን እየጎተተች እየጮኸች ገባች። እንዲህ ያለ መርዶ አብነት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባባ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ «መቼ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። «ሙት ወቃሽ አደረጋችሁኝ» ብቻ አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በፔጆዋ ወረድን። ጥበቃው እንደ ልማዱ ሊመልሰን እጁን አነሳ። አባባ ወርደው በሩን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። «ዋቄ! ዋቄ ወንድሜ!» እያሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ምን ያህል እንደሚጮኹ አያውቁም፤ ሙዚቃው ቆመ፣ ደንበኛው ሁሉ ከጎጆው ወጣ። ኮከቤ እየሮጠች መጣች። በሩን ሳትከፍት በብረቱ መካከል «ዛሬ ነው የምትመጡት?» አለች። አባባ የከንፈሯን እንቅስቃሴ አዩ መሰለኝ፣ «ልጄ፣ ትናንት ነው የሰማሁት። እኔ ትናንት ነው የሰማሁት» አሉ።

እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ከፈተችው፣ አባባ አንገት ላይም ተጠምጥማ እንደ አዲስ አለቀሰች። የመዝናኛው እንግዶች ሳይቀሩ ያለቅሱ ነበር። ለጥበቃው «ይቺ መኪና መቼም ትምጣ ግራሩ ሥር ትቆማለች» አለችው። እዚያ የነበረውን የሰው አውቶሞቢል ራሷ አስነሳች።

አባባ ግን ወደ ውሃው አልወረዱም። «ለቅሶ መጥቼ ዓሣ አልይዝም። ከቀመሪያ ጋር ነው የምወርደው» አሉ። የሚቀጥለውን ወረቀት እሳቸው ጽፈው አሽገው ነው የሰጡኝ፤ አላየሁትም።

ወንድምሽ በከር


ልደታ
በዚያው ቀን

ልጄ ቀመሪያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ ጋር ይሁን። እጄ መርፌ አልቀበል ካለኝ ቆይቷል፣ ብዕሩ ግን እስካሁን እሺ ይለኛል።

ወንድምሽን አልተቆጣሁትም። አዝኖልኝ ነው የደበቀኝ። ግን ልጄ፣ ማዘን ማለት እንዲህ ከሆነ አትዘኑልኝ። ወዳጄ አፈር ገብቶ እኔ ይህን ሁሉ ወር በር ዘጋብኝ እያልኩ ሳማው ከረምኩ። አሁን ማንን ይቅርታ እጠይቃለሁ?

አንቺም እንደ ወንድምሽ ታዝኚልኛለሽ። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ለዒድ አልሽ፣ ለዓረፋ አልሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለመውሊድ ብለሽ ነበር። ግራሩ ሥር ቦታችን ተለቋል፣ መንጠቆውም ተዘጋጅቷል፣ እኔም ቁጭ ብያለሁ። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ቁርጡን ንገሪኝ። ልቤ ይችላል። አለማወቁን ነው የማይችለው።

አባትሽ ይማም


ኢስታንቡል
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ እጽፍልዎታለሁ። ዓረፋ አለፈ። ይህን ወረቀት ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ነው።

አልመጣም።

የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የሙስአብና የቢላል ደህና ነው፤ የእኔ ብቻ ነው የተበላሸው። የሠራሁበት ቤት ያሳድስልኛል ብዬ አምኜ ጊዜው አለፈብኝ። አሁን ከዚህ አገር ልወጣ እችላለሁ፤ ተመልሼ መግባት ነው የማልችለው። እርስዎ ዘንድ ከመጣሁ ልጄን ጥዬ ነው። አንድ ቀን ይስተካከል ይሆናል ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ እኔም አላውቅም።

ለዒድ፣ ለዓረፋ እያልኩ ስጽፍ ዋሽቼ ብቻ አልነበረም። ስጽፈው ራሴም አምነዋለሁ። ሻንጣዬን አውርጄ ለእርስዎ የገዛሁትን ሹራብ አጣጥፌ እከታለሁ፣ በሳምንቱ አውጥቼ እመልሰዋለሁ። ሰው ሲናፍቅ እንዲህ ያደርገዋል መሰለኝ። ኮከቤ በሩን ከፈተች ብሎ በከር ሲጽፍልኝ ደስ ብሎኝ ተነስቼ ቆምኩ፤ ወዲያው ደግሞ እኔን እየጠበቁ እንዳልወረዱ አነበብኩ። በሩ ተከፍቶ የከለከልኩዎት እኔ ሆንኩ።

አባባ፣ አይጠብቁኝ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ ይውረዱ። እለምንዎታለሁ፣ ይውረዱ።

ልጅዎ ቀመሪያ


ልደታ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቀመሪያ፣

የአላህ ሰላም አንቺ ላይ፣ ባልሽ ላይ፣ ያላየሁት ልጅሽ ላይ ይሁን። ወረቀትሽን ያስተካክልልሽ፤ በየሰላቱ እለምናለሁ።

ቁርጤን አወቅሁ። ያነበብኩ ቀን ምሳ አልበላሁም። በነጋታው በላሁ።

እሑድ ወረድኩ። በከር ፔጆዋን ግራሩ ሥር አቆመልኝ፣ ደግፎም ውሃው ዳር አስቀመጠኝ። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል፣ ላይኛው አገር ዘንቧል። አንቺ የላክሽው መንጠቆ ስለታም ነው፤ ገና ሳላጠልቀው ጣቴን ወጋኝ። አንድ አምባዛ ያዝኩ፤ ትልቅ አይደለም።

ቦታሽ ላይ፣ እዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ማንም አልተቀመጠም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ደስ እንዲልሽ። ግን እንዲህ ያለውን ትተናል። ኮከቤ እንግዶቿን ትታ መጥታ ተቀመጠችበት። ወንዝ ዳር አድጋ ዓሣ መያዝ አታውቅም፤ አባቷም አይወድም ነበር። ዘንጉን ሰጠኋት። ሲጎትታት ጮኸች፣ እኔም «ቀስ! ይጉረሰው!» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋን ባልሰማውም አየሁት። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ሳትሆኚ ደስ አለኝ ልጄ። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ሲመሽ በከር መኪናው ውስጥ አስገባኝ። በሩን ዘግቶ ዕቃውን ሊያመጣ ሲመለስ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አባትሽ ይማም